ጭማቂው ሲጠቁር፣ ንባቡ ሲያንስ፦ የዕፀዋት ባዮኬሚስትሪ ሙከራ በደሴ ከፍታ

አብዛኛው የሙከራ መመሪያ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ለሆነበት፣ ቅጠሉም ከላብራቶሪው ደጃፍ ለሚቀነጠስበት አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኅዳር ጠዋት ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ናሙናውም ከደላንታ ወይም ከቆቦ ግማሽ ቀን መኪና ላይ ውሎ ይደርሳል። ውጤት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬሚካሉ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከፍታው፣ ብርዱና መንገዱ ላይ ነው።

ጭማቂው ገና ሳይጣራ ቡናማ ሆነ

ምልክቱ ይህ ነው፦ ጌሾ ወይም ድንች በሙቀጫ ስትፈጩ ፈሳሹ መጀመሪያ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ሻይ ይመስላል። የኢንዛይም ሥራ ስትለኩ የመሣሪያው ንባብ ዜሮ አካባቢ ይቀራል፤ ፕሮቲኑን በጄል ብታስኬዱት የተለየ መስመር ሳይሆን የተቀባ ጥላ ይወጣል።

ተልጦ የተተወ ድንች የሚጠቁርበት ነገር ነው እዚህም የሚሠራው። ፊኖሎች የሚቀመጡት በሴሉ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ፖሊፊኖል ኦክሲዴዝ የሚባለው መዳብ ያዘለ ኢንዛይም ደግሞ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ዘነዘናው ግድግዳውን ሲሰብር ሁለቱ በአየር ፊት ይገናኛሉ። የሚወጣው ኪኖን ፕሮቲኑን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ስለዚህ የጠቆረ ጭማቂ አይታከምም፤ ይደፋል፣ እንደ አዲስም ይጀመራል።

መከላከያው እንዲህ ነው። ሙቀጫውንና ዘነዘናውን ከማታው ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ለ1 ግራም ቅጠል 5 ሚሊ ሊትር በረዶ የቀዘቀዘ በፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቅ ፈሳሽ)፣ ፒኤች 7 አካባቢ፣ አዘጋጁ። በፈሩ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሞላር አስኮርቢክ አሲድ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደግሞ ከ1 እስከ 2 ግራም ፒቪፒፒ (ፊኖል የሚይዝ ዱቄት) ጨምሩ። ፒቪፒፒው በበፈሩ ርሶ ማደር አለበት፤ ደረቁን ዱቄት መጨረሻ ላይ መበተን ብዙም አይጠቅምም። አስኮርቢክ አሲዱ ደግሞ በዕለቱ ይጨመራል፤ ከጨመራችሁ በኋላም ፒኤቹን እንደገና አስተካክሉ፣ ዝቅ ያደርገዋልና። ቅጠሉን የመሃል ጅማቱን አውጥታችሁ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ፍጩት፤ ወዲያው ወደ ሴንትሪፉጅ። ፒቪፒፒ ስለማይሟሟ ፊኖሉን ይዞ ይዘቅጣል። ስሙ የሚመስለው ፒቪፒ ግን ይሟሟል፤ ከፕሮቲኑ ጋር ፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ ቀጣዩን ልኬት ይረብሻል።

አንድ ወጥመድ አለ። ከዚያው ጭማቂ ጠቅላላ ፊኖል በፎሊን ሪኤጀንት ለመለካት ካሰባችሁ ይህ ሁሉ መድኃኒት መርዝ ይሆናል፦ አስኮርቢክ አሲድ ራሱ ከፎሊን ጋር ሰማያዊ ይሰጣል፣ ፒቪፒፒው ደግሞ ልትለኩት ያሰባችሁትን ፊኖል ወስዶ ይዘቅጣል። ለፊኖል የተለየ ናሙና መዝኑ፤ በሜታኖልና በውሃ ድብልቅ አውጡት።

የጓያ ኦዳፕ ከሚጠበቀው አንሶ ወጣ

ኦዳፕ ጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። ይህ ችግር ለወሎ ከሁሉም ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደላንታ ዳውንት በጓያ ምክንያት የመጣ የሽባነት ወረርሽኝ ያየ አካባቢ ነው። እዚህ ዝቅ ብሎ የወጣ ቁጥር «ይህ ዘር ደኅና ነው» ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

በሰፊው የሚሠራበት የቀለም ዘዴ እንዲህ ይሄዳል፦ የጓያውን ዱቄት በ60 በመቶ ኢታኖል ማውጣት፣ ጭማቂውን በ3 ሞላር ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ኦፒኤ የሚባለውን ቀለም አውጪ ሪኤጀንት ጨምሮ በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለም መጠን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) በ420 ናኖሜትር ማንበብ። ቀለም የሚሰጠው ኦዳፑ ራሱ አይደለም፤ ፖታሹ ኦክሳሊሉን ቆርጦ የሚያወጣው ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ ነው። መቆረጡ ካላለቀ ቀለሙ ያንሳል።

«በሚፈላ ውሃ» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተው። ደሴ ላይ ውሃው ቢንተከተክም 92 ዲግሪ ነው፤ እሳት ብትጨምሩበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። በኬሚስትሪ እንደ ደንብ የሚያዘው የ10 ዲግሪ ዝቅታ ፍጥነትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው፤ 8 ዲግሪም ቀላል አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ስህተቱን አያሳይም። ብዙዎች ስታንዳርድ ከርቭ የሚሠሩት በተዘጋጀ ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ ነው፤ እሱ መቆረጥ አያስፈልገውም። ከርቩ ቀጥ ብሎ ያምራል፣ ናሙናው ግን ይጎድላል፤ ማንም አይጠረጥርም።

መፍትሔው፦ ውሃውን ተዉና ደረቅ ብሎክ ማሞቂያ ወይም የግሊሰሮል መታጠቢያ በሙሉ 100 ዲግሪ ተጠቀሙ፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ከውስጥ አረጋግጡ። ቱቦው ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ፖታሽ መስታወት ይበላል። ብሎክ ከሌለ አንድ ናሙና ወስዳችሁ በ30፣ 45፣ 60 እና 90 ደቂቃ አንብቡ፤ ንባቡ መጨመር ያቆመበት ሰዓት የእናንተ ሰዓት ነው። ያልተቀቀለውን ያንኑ ጭማቂ ብላንክ (ከንባቡ የሚቀነስ ባዶ ማነጻጸሪያ) አድርጉ፤ ኦፒኤ ሌሎች አሚኖ አሲዶችንም ይነካልና። የኦፒኤው ሪኤጀንት ፒኤች 9.9 በሆነ 0.05 ሞላር የቦራክስ በፈር ውስጥ ይበጃል፤ በጨለማ ጠርሙስ ይቀመጣል።

ሌላም ጥያቄ ይመጣል፦ «ጓያውን ቀቀልነው፣ ቆላነው፣ ቁጥሩ ግን አልወረደም»። ሙቀት ከቤታ ኦዳፕ ከፊሉን ወደ አልፋ ይለውጣል፤ መርዝነቱ የሚታወቀው ቤታው ነው። የቀለም ዘዴው ሁለቱን አይለይም፣ ደምሮ ያነባል። ለመለየት ኤችፒኤልሲ፣ ውሁዶችን አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል።

ቀይ ማሽላ ታኒን አልሰጠም፤ ወይም ንባቡ በየቀኑ ይለያያል

መጀመሪያ የራሱን የማሽላውን ነገር አጣሩ። ቀይ ቅርፊት ማለት ታኒን ማለት አይደለም፤ ታኒኑ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀለማም ሽፋን ላይ ነው። ቀይ ሆኖ ያ ሽፋን የሌለው ሞልቷል። ማጣሪያው ርካሽ ነው፦ በረኪና፣ 3.5 በመቶ ገደማ፣ በ100 ሚሊ ሊትሩ 5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይሟሟበታል። መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ እስኪሸፈን አፍስሱበት፤ 20 ደቂቃ፣ በየ5 ደቂቃው እየነቀነቃችሁ። ከዚያ በወንፊት አጥባችሁ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉ። ቅርፊቱ ይሟሟል፤ ታኒን ያለው ፍሬ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ የሌለው ነጭ ወይም ቢጫ ይሆናል። ገበያ ላይ ከተገዛ ጆንያ ሁለቱም ተደባልቀው ብታዩ አትገረሙ። ጓንት አድርጉ፤ በረኪናውን አሲድ ወደተደፋበት ማጠቢያ አትድፉ፣ ክሎሪን ጋዝ ይነሣል።

ጥቁሩ ታይቶ ታኒን የሚለካበት የቫኒሊን ልኬት ካነሰ ግን ሰበቡ ብርድ ወይም ውሃ ነው። 0.2 ግራም ዱቄት፣ 10 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ኤችሲኤል (ሃይድሮክሎሪክ አሲድ) ያለበት ሜታኖል፣ 20 ደቂቃ በ30 ዲግሪ። ከጭማቂው 1 ሚሊ ሊትር ላይ 5 ሚሊ ሊትር የቫኒሊን ሪኤጀንት ይጨመርና ሌላ 20 ደቂቃ በ30 ዲግሪ ቆይቶ በ500 ናኖሜትር ይነበባል። ሪኤጀንቱ 1 በመቶ ቫኒሊንና 8 በመቶ ኤችሲኤል፣ ሁለቱም በሜታኖል፣ እኩል ለእኩል በዕለቱ ይቀላቀላሉ። 30 ዲግሪ የሚለውን «የክፍል ሙቀት» ብሎ ያለፈ ሰው ጠዋት የሠራውና ከሰዓት የሠራው አይገጥምለትም። ሜታኖሉ እርጥበት ከሳበም ቀለሙ ይደክማል። ለእያንዳንዱ ናሙና ቫኒሊን የሌለው ብላንክ ሥሩ፤ ያለዚያ የቅርፊቱን ቅላት ታኒን ብላችሁ ትቆጥራላችሁ።

«ወተት በጉንጬ» ከተራ ማሽላ ልዩነት አላሳየም

እ.ኤ.አ. በ1973 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ክምችት ውስጥ ላይሲናቸው (ሰውነት ከምግብ የሚፈልገው አሚኖ አሲድ) የበዛ ሁለት መስመሮች ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ቁጥራቸው አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758 ነው፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያሉትን ወተት በጉንጬና ማርጩቄ እያለ በእሸቱ ጠብሶ ሲበላቸው የኖረ ነው፤ ስሙ ራሱ ውጤቱን ቀድሞ ነግሯል።

ኬልዳል በሚባለው የፕሮቲን ልኬት ብታስገቡት ግን ያን ልዩነት አያሳይም። ኬልዳል ናይትሮጅን ቆጥሮ በ6.25 ያባዛል፤ ናይትሮጅኑ ከየትኛው አሚኖ አሲድ እንደመጣ አይጠይቅም። የዚህ ማሽላ ልዩነት ካፊሪን የሚባለው ላይሲን የሌለው ሊባል የሚችል ፕሮቲን ማነሱ ነው። ላይሲኑን ለማየት ፍሬው በ6 ሞላር ኤችሲኤል፣ አየር በወጣለት የታሸገ ቱቦ፣ በ110 ዲግሪ 24 ሰዓት ይፈታና በአሚኖ አሲድ ትንተና ይለካል። ኦቨኑ እንጂ ውሃው ስላልሆነ የሚያሞቀው፣ ከፍታ እዚህ ላይ አይጎዳም።

ትንተናውም ልዩነት ካላሳየ ዘሩ ተዳቅሏል። ባሕርዩ በአንድ ድብቅ ጂን የሚወሰን ነው፤ ገበሬው ደግሞ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል፣ ነፋስ የተወሰነውን ያዳቅላል። በአንድ ራስ ላይ እንኳ ፍሬው ይለያያል። ሙሉና የሚያብረቀርቀውን ተዉት፤ በጎኑ ስርጉድ ያለውን፣ በምላጭ ሲከፈል ውስጡ መስተዋት ሳይሆን ዱቄት የሆነውን ልቀሙ። ለሚቀጥለው ዓመት የማሽላው ራስ ሳያብብ በፊት በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት።

የዲኤንኤ በፈሩ በረዶ ጣለ፣ ዝቃጩም ሙጫ ሆነ

ዲኤንኤ በሚወጣበት በፈር ውስጥ ያለው ሳሙና መሰል ኬሚካል፣ ሲታብ፣ ከ15 ዲግሪ በታች ይዘቅጣል። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ አልተበላሸም፤ በ65 ዲግሪ ሞቆ ሲነቀነቅ ይጠራል። የክሎሮፎርሙ ደረጃ እስኪያልቅ ሴንትሪፉጁን አታቀዝቅዙ። ዝቃጩ እንደ ተልባ ከተሳበ ካርቦሃይድሬት ነው፦ በቲኢ (የዲኤንኤ ማሟሚያ በፈር) አሟሙት፣ የመጠኑን ግማሽ 5 ሞላር ጨው ጨምሩ፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ ቀዝቃዛ ኢታኖል። ጨው ሲበዛ ዲኤንኤው ይወርዳል፣ ሙጫው ፈሳሹ ላይ ይቀራል። የንጽሕና መለኪያው፣ የ260 ለ230 ናኖሜትር ንባብ ሬሾ፣ ከ1.8 በታች ከሆነ ድገሙት።

ከሜዳ ናሙና የምታመጡ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን አትጠብቁ። ቅጠሉን በሻይ ከረጢት አድርጋችሁ ከክብደቱ አሥር እጥፍ ሲሊካ ጄል ውስጥ ቅበሩት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲታጠፍ መሰበር አለበት። ለዲኤንኤ ይበቃል፤ ለኢንዛይም አይሆንም።

ትሪስ በፈርም በብርድ ይቀየራል፦ በ25 ዲግሪ 8.0 ያደረጋችሁት በ13 ዲግሪ 8.3 ይሆናል። የፒኤች ሜትሩ የሙቀት ማስተካከያ የኤሌክትሮዱን ነው የሚያርመው፤ በፈሩን አያርምም።

ክሎሮፊሉ ወይራማ ሆነ፣ ወይ ኤ ለቢ ሬሾው ከ2 በታች ወረደ

የቅጠሉ አሲድ ማግኒዚየሙን አውጥቶ ፊዮፊቲን አድርጎታል። ስትፈጩ ቁንጥር ማግኒዚየም ካርቦኔት ጣሉበት፤ መብራት ቀንሱ። በ80 በመቶ አሴቶን፣ ክሎሮፊል ኤ = 12.25 × የ663.6 ንባብ − 2.55 × የ646.6 ንባብ፤ ክሎሮፊል ቢ = 20.31 × የ646.6 ንባብ − 4.91 × የ663.6 ንባብ፤ መለኪያው ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው። በ750 ናኖሜትር ዜሮ ካልሆነ ጭማቂው ደፍርሷል፣ እንደገና ይሽከርከር። ፕላስቲክ ኩቬት አሴቶን ያደበዝዘዋል፤ ኳርትዝ ወይም መስታወት ብቻ። ክዳን አትርሱ፤ እዚህ ከፍታ ላይ አሴቶን እያያችሁት ይተናል።

ኦቶክሌቭ ተደርጎም ሚዲያው ሻገተ

የኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ማሽን) የግፊት ጌጅ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ነው፤ ደሴ ላይ 116 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 117 ወይም 118። አየሩ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ እንፋሎቱን ልቀቁ፤ ማሽኑ የሚችል መሆኑ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈ ወደ 19 ፒኤስአይ አድርሱት። ካልቻለ 15 ደቂቃው ወደ 45 ወይም 50 ደቂቃ ይራዘም። ስኳር ያለበት ሚዲያ በዚህ ሰዓት እንዳይቃጠል በትንንሽ ጠርሙስ ይከፋፈል።

ስለ ተክሉ ፈልጎ ምንም ያለማግኘት

ብዙውን ጊዜ ስሙ ተቀይሮ ነው። ስምንት ቅጽ ያለውና እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 የወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ግራርን «አካሺያ አቢሲኒካ» ይለዋል፤ ዛሬ የምትፈልጉት «ቫቸሊያ አቢሲኒካ» በሚል ነው። ወይራንም በአንድ ስም ብቻ አትፈልጉ። የኪው ዕፀዋት ዳታቤዝ አሮጌውን ስም ስታስገቡ አዲሱን ይሰጣል። ለውሁዶችም እንደዚሁ፦ ኦዳፕ በቀደሙት ጽሑፎች ቢኦኤኤ ነው። የውሁድ ስሞችን በፐብኬም፣ የኢንዛይም ባሕርይን በብሬንዳ፣ መንገዶቹን በኬግ አጣሩ። የሚከፈልባቸው መጽሔቶች በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል በኢትዮጵያ ላሉ ተቋማት ይከፈታሉ፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው። የወሎ ማሽላና ጓያ ዘር በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተመዘገበ ቁጥር ካለው፣ ከገበያ ሳይሆን ከዚያ ጠይቁ።

ያለ ናሙና ቅጂ የታተመ ኬሚስትሪ ግን ማንም ሊያጣራው አይችልም። ከለካችሁት ተክል አበባ ወይም ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ሁለት ቆርጣችሁ በጋዜጣ ተጫኑ፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የአካባቢውን ስም ጻፉ። አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጣል፣ ሌላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሄዳል። በክረምት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየር፤ ጭጋግ ባለበት ሰሞን በሁለተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ ይጀምረዋል።