ሪኮምቢናንት የሰው ቲጂኤፍ-ቤታ 1፦ ከብልቃጡ እስከ ሕዋሱ ያለው አዘገጃጀት

ቲጂኤፍ-ቤታ 1 የሰው ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። እንደየሕዋሱ ዓይነት መባዛትን ይገታል፣ ቁስል በሚድንበት ጊዜ ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ እንዲሠራ ያደርጋል፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ያረጋጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በሳንባ፣ በጉበትና በኩላሊት ላይ ጠባሳ እንዲበዛ ምክንያት ይሆናል። ካንሰርን፣ የጠባሳ በሽታዎችንና ስቴም ሴሎችን የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ሪኮምቢናንቱን፣ ማለትም የሰው ዘረ መል ወደ ሌላ ሕዋስ ገብቶ የተመረተውን ዓይነት፣ በብዛት የሚጠቀሙበትም በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮቲኑ የሚመጣው ጥቂት ማይክሮግራም በያዘ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ በቅዝቃዜ ደርቆ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሙከራው አልሠራ ሲላቸው ፕሮቲኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ያስባሉ። ይሁን እንጂ ቲጂኤፍ-ቤታ 1 ከመበላሸቱ ይልቅ በቱቦና በፒፔት ጫፍ ላይ ተጣብቆ መቅረቱ ይብሳል፤ የሚጠፋውም በአብዛኛው ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለዚያ ሰዓት ነው።

ከማዘዝ በፊት ፕሮቲኑ በምን ሕዋስ እንደተመረተ ማየት ይገባል። ንቁ የሆነው ቲጂኤፍ-ቤታ 1 እያንዳንዳቸው 112 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች በዳይሰልፋይድ ትስስር ተጣምረው የሚፈጥሩት፣ ክብደቱ 25 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ ጥንድ ነው። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ ዘጠኝ ሲስቴይኖች ስላሉ በትክክል መታጠፉ ቀላል አይደለም፤ በዚህ ምክንያት አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ከባክቴሪያ ይልቅ የቻይና ሃምስተር የእንቁላል እጢ ሕዋሳትን ወይም ኤችኢኬ 293 የተባሉትን የሰው ሽል የኩላሊት ሕዋሳት ይመርጣሉ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የዳይሰልፋይድ ትስስርን የሚበጥሱት ዲቲቲ ወይም መርካፕቶኢታኖል ያለበት ፈሳሽ ጥንዱን ስለሚለያየው ፕሮቲኑ መልእክት ማስተላለፍ ያቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ አልቡሚን ያለበትን ወይስ የሌለበትን ዓይነት እንግዛ የሚለው ነው። ፕሮቲኑ የሚፈለገው በሕዋስ ላይ ለመጨመር ብቻ ከሆነ የከብት ሴረም አልቡሚን የታከለበትን መውሰድ ያዋጣል፤ አልቡሚኑ በብዛቱ የፕላስቲኩን ገጽ ቀድሞ ስለሚይዝ ቲጂኤፍ-ቤታው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ከአልቡሚን ነጻ የሆነው የሚያስፈልገው ፕሮቲኑን በቀለም ለማያያዝ፣ ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል በሚለካው የኤላይዛ ምርመራ ሳህን ላይ ለመለጠፍ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትር ለመመርመር ሲታሰብ ነው። «ንጹሕ ይሻላል» በሚል ስሜት ብቻ አልቡሚን የሌለበትን መግዛት፣ በእኔ አስተያየት፣ የመጀመሪያው አላስፈላጊ ኪሳራ ነው። በምርቱ የመረጃ ወረቀት ላይ የኢንዶቶክሲን፣ ማለትም ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚመጣ መርዝ፣ መጠንም ይጻፋል፤ በተለይ ማክሮፋጅና መሰል የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ለሚያጠና ሰው ይህ ቁጥር ከንጽሕናው መቶኛ ይልቅ ሊያሳስበው ይገባል፤ ምክንያቱም ጥቂት ኢንዶቶክሲን ብቻውን ሕዋሳቱን ሊያስቆጣ ይችላል።

ማሟሟያው ከፕሮቲኑ በፊት ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት። ቲጂኤፍ-ቤታ 1 በገለልተኛ ፒኤች በቀላሉ ስለማይሟሟና ስለሚዘቅጥ፣ የተለመደው ማሟሟያ በአንድ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም አልቡሚን ያለበት 4 ሚሊሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። 10 ሚሊሊትር ለማዘጋጀት 40 ማይክሮሊትር ባለ 1 ሞላር አሲድ በ9.96 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ ይጨመርና 10 ሚሊግራም አልቡሚን ይሟሟበታል፤ ከዚያም ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ይጣራል። የሚጣራው ማሟሟያው ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ከገባበት በኋላ ማጣራት ማለት በማይክሮግራም የሚቆጠረውን ሀብት ለማጣሪያው ወረቀት መስጠት ነው። ይህ የአሲድ ማሟሟያ ለሁሉም የመልእክት ፕሮቲኖች የሚሆን አይደለም፤ ለምሳሌ ኤፍጂኤፍ-2 በአብዛኛው በገለልተኛ የፎስፌት ባፈር ይሟሟል፣ ደብሊውኤንቲ 3ኤ ደግሞ የስብ ሞለኪውል የተያያዘበት በመሆኑ ሳይዘቅጥ እንዲቆይ የሳሙና ባሕርይ ያለው ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ከአንዱ ፕሮቲን የተለመደውን ለሌላው ከመገልበጥ በፊት የመረጃ ወረቀቱን ማንበብ ግድ ይላል።

ብልቃጡ ከፍሪዘር ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ቀዝቃዛ ሳለ ከተከፈተ ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት ደረቁ ፕሮቲን ላይ ያርፋል። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ለጥቂት ሰከንዶች ይሽከረከራል፤ በጉዞ ላይ ወደ ክዳኑ የተበተነው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ክዳኑ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ምንም የሚታይ ነገር የለም። 10 ማይክሮግራም ፕሮቲን ለዓይን የማይበቃ መጠን ነው፤ ቢበዛ በብልቃጡ ታችኛ ጥግ ላይ፣ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት የምትታይ ስስ ሽፋን ትኖራለች። ባዶ መስሎ የታየው ብልቃጥ ባዶ አይደለምና መጣል የለበትም።

አሁን 500 ማይክሮሊትር ማሟሟያ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ቀስ እያለ ይፈሳል። በ10 ማይክሮግራም ብልቃጥ ይህ በአንድ ሚሊሊትር 20 ማይክሮግራም ያለው ዋና ክምችት ይሰጣል። ቮርቴክስ ማድረግም (በማሽን በኃይል ማንቀጥቀጥም) ሆነ በፒፔት በኃይል መሳብና መልቀቅ አያስፈልግም፤ አረፋ በተነሣበት ሁሉ ፕሮቲን በአየሩና በፈሳሹ መገናኛ ላይ ይዘረጋና ቅርጹን ያጣል። ብልቃጡን በጣቶች መካከል ቀስ አድርጎ ማንከባለል፣ ገልብጦም ክዳኑን ማስነካት፣ ከዚያም በክፍል ሙቀት ለ10 ወይም 15 ደቂቃ መተው ይበቃል። የሚጣደፍ ሰው ብዙ የሚያጣው በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ክምችቱ በዚያው ቀን መከፋፈል አለበት። ፕሮቲን እምብዛም የማይጣበቅባቸው የፖሊፕሮፒሊን ቱቦዎች ይመረጣሉ፤ መስተዋትና ፖሊስታይሪን ግን ይቀራሉ። እያንዳንዱ ድርሻ ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ይሁን እንጂ ከ10 ማይክሮሊትር ባያንስ ይመረጣል፤ ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር ከቱቦው ገጽ ጋር የሚነካካው ክፍል በንጽጽር ይበዛል፣ የሚተነውም እንዲሁ። በቱቦው ላይ የፕሮቲኑ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ይጻፋል። ማከማቻው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በረዶውን በራሱ ጊዜ እያቀለጠ የሚያራግፍ ፍሪዘር ግን ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል አይሆንም። የቀለጠ ድርሻ ተመልሶ አይቀዘቅዝም፤ በሥራው ጊዜ የተረፈው ለጥቂት ቀናት በ4 ዲግሪ ቢቆይ ይሻላል።

ወደ ሕዋሳቱ ሲመጣ ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ወጥመድ አለው። በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ ሚሊሊትር ከ1 እስከ 10 ናኖግራም በሚደርስ መጠን ነው። በ2 ሚሊሊትር የሕዋስ ማሳደጊያ ውስጥ በሚሊሊትር 5 ናኖግራም እንዲኖር የሚፈለገው ጠቅላላ መጠን 10 ናኖግራም ነው፤ ይህ ከዋናው ክምችት 0.5 ማይክሮሊትር ብቻ ስለሆነ ማንም በፒፔት በትክክል ሊለካው አይችልም። መፍትሔው መካከለኛ ቅጥነት ማዘጋጀት ነው፤ 50 ማይክሮሊትር ክምችት 0.1 ከመቶ አልቡሚን ባለበት 950 ማይክሮሊትር ማሳደጊያ ውስጥ ሲገባ በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ይሆናል፤ ከዚህ 10 ማይክሮሊትር በ2 ሚሊሊትር ላይ ሲጨመር የሚፈለገው 5 ናኖግራም ይገኛል። በሞላር ሲሰላ ይህ 0.2 ናኖሞላር ነው። መካከለኛው ቅጥነት በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ያልቃል።

ሴረም ሌላው መሰናክል ነው። የጥጃ ሽል ሴረም ራሱ ቲጂኤፍ-ቤታ ይዟል፤ በአብዛኛው በሌላ ፕሮቲን ታስሮ የተኛ ቢሆንም ሕዋሳት ሊያነቁት ይችላሉ። የከብቱና የሰው ንቁ ቲጂኤፍ-ቤታ 1 የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ በኤላይዛ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሕዋሳቱ ከመነቃቃታቸው በፊት ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለአንድ ሌሊት ሴረም በሌለበት ወይም በጣም በቀነሰበት ማሳደጊያ ይቆያሉ። ለንጽጽር የሚቀመጡት ሕዋሳትም ምንም ያልተጨመረባቸው መሆን የለባቸውም፤ ያንኑ አሲድና አልቡሚን በዚያው መጠን ማግኘት አለባቸው።

ፕሮቲኑ መሥራቱን በፍጥነት ለማወቅ የቲጂኤፍ-ቤታን መልእክት በሕዋሱ ውስጥ የሚያደርሰው ፕሮቲን ስማድ2 ፎስፌት መያዙን፣ ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በፀረ እንግዳ አካል በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ማየት ይመረጣል፤ ምልክቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ በግልጽ ይታያል። እንደ ኤ549 ያሉ የሳንባ ሕዋሳት ቅርጻቸው ረዝሞ፣ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪን ቀንሶ፣ የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ምልክት የሆነው ቪሜንቲን ጨምሮ ለማየት ግን 48 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከፕሮቲኑ ጥቂት ቀደም ብሎ ኤስቢ 431542 የተባለው የተቀባዩ ማገጃ ሲጨመር ምልክቱ ከጠፋ፣ የታየው ነገር በእርግጥ ከቲጂኤፍ-ቤታ የመጣ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ምንም ምላሽ ካልታየ ሌላ ብልቃጥ ከማዘዝ በፊት ሕዋሱን መጠርጠር ይበጃል። ኤችሲቲ116 የተባሉት የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ቲጂኤፍ-ቤታን የሚቀበለው የሁለተኛው ዓይነት ተቀባይ ዘረ መላቸው የተበላሸ ነው፤ የቆሽት ካንሰር የሆኑት ቢኤክስፒሲ-3 ደግሞ ከስማድ2 ጋር መልእክቱን የሚያደርሰው ስማድ4 የላቸውም። በእነዚህ ላይ ፍጹም ጤነኛ ፕሮቲን እንኳ የተጠበቀውን ውጤት አይሰጥም። ምላሽ እንደሚሰጥ የታወቀ ሕዋስ፣ ለምሳሌ መባዛቱ በቲጂኤፍ-ቤታ በቀላሉ የሚገታውን ኤምቪ1ኤልዩ የተባለ የሚንክ ሳንባ ሕዋስ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጥያቄውን በአጭሩ ይፈታል።

የምርት ቁጥሩ ሲለወጥ የሥራ ጥንካሬውም ሊለወጥ ይችላል። በመረጃ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግማሽ ውጤት የሚያስገኘው መጠን በሚሊሊትር 0.05 ናኖግራም ከሆነ፣ 1,000,000ን ለዚህ ቁጥር በማካፈል በአንድ ሚሊግራም 20,000,000 ዩኒት ይገኛል፤ ሆኖም ይህ የሚለካው በአምራቹ ሕዋስ እንጂ በእኛ አይደለም። ስለዚህ ከአሮጌው ምርት ሁለት ወይም ሦስት ድርሻ ሳይነካ ይቀመጥና አዲሱ ሲመጣ ሁለቱም በአንድ ሳህን ላይ፣ ከ0.1 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊሊትር ባሉ መጠኖች ይፈተሻሉ፤ የሁለቱ ኩርባዎች ከተራራቁ ለቀጣዩ ሥራ የሚወሰደው መጠን በአዲሱ ኩርባ መሠረት ይስተካከላል።