በሆኪ ድራፍትና ፕሌይኦፍ ክርክር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚያዝያ ሲገባ የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ደጋፊ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከ32ቱ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ) ቡድኖች ውስጥ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም በየዙሩ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ወደሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ፣ ካለፉት 16ቱ አንዱ የእሱ ከሆነ፣ ማን ቢደርሰን ይሻለናል እያለ ሌሊቱን ያጋምሳል፤ ቡድኑ ከወደቀ ደግሞ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ በበጋው ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ደካሞቹን እያስቀደሙ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ለሚመጣ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ከወዲሁ ማሊያ ያሰፋለታል። ቶሮንቶ ውስጥ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ሐበሾች በሚያዘወትሩት አንድ ቡና ቤት፣ ሁለቱም ክርክሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲካሄዱ ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ከተከራካሪዎቹም አንዱ ነኝና ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የመደበኛውን ውድድር የደረጃ ሰንጠረዥ ለፕሌይኦፍ ትንቢት አድርጎ ማንበብ ነው። ሰንጠረዡ የሙሉ የውድድር ዘመን ድካም ውጤት ስለሆነ አይናቅም፤ ነገር ግን የተሠራበት ሕግ ሌላ ነው። በመደበኛው ውድድር ሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች በእኩል ውጤት ካለቁ ቡድኖቹ ሦስት ለሦስት ሆነው አምስት ደቂቃ ይጫወታሉ፤ አሁንም ካልተሸናነፉ በመለያ ምት ይለያሉ፤ የተሸነፈውም ቢሆን አንድ ነጥብ ይዞ ይሄዳል። በፕሌይኦፍ ግን መለያ ምት የሚባል ነገር የለም፤ አምስት ለአምስት ሆነው ግብ እስኪቆጠር ድረስ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየጨመሩ ይጫወታሉ። ስለዚህ አንድ ቡድን ነጥቡን የሰበሰበው በስልሳው ደቂቃ ውስጥ አሸንፎ ነው ወይስ በሰፊው በረዶ ላይ በሦስት ሰው እየሮጠና በመለያ ምት እየተረፈ የሚለው ጥያቄ ከጠቅላላው ድምር በፊት መጠየቅ ነበረበት። ሰንጠረዡ ራሱ በመደበኛው ሰዓት የተገኙትን ድሎች ለይቶ የሚያሳይ ዓምድ አለው፤ በክርክር መካከል ግን ጣቱን እዚያ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ብዙ አላየሁም።

ይህም ቢሆን ከሰንጠረዡ ውጭ የሚቀር ነገር አለ። ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ በ2018-19 የውድድር ዘመን 62 ጨዋታ አሸንፎ 128 ነጥብ ሰበሰበ፤ በመጀመሪያው ዙር የደረሰው ኮሎምበስ ብሉ ጃኬትስ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 0 እየመራ 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ የቀሩትንም ሦስት ጨዋታዎች ተራ በተራ ተሸንፎ አንድም ድል ሳያይ ተሰናበተ። በ2022-23 ደግሞ ቦስተን ብሩይንስ 65 ድልና 135 ነጥብ በማስመዝገብ በሊጉ ታሪክ ማንም ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ። ተጋጣሚው ፍሎሪዳ ፓንተርስ በ92 ነጥብ፣ ከፒትስበርግ በአንዲት ነጥብ ብቻ በልጦ፣ በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ የገባ ቡድን ነበር።

በዚያ ሰሞን በእኛ ጠረጴዛ አንድ ወጣት ካልኩሌተር ሊያወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። «ጋሼ፣ 135 ነጥብ ያለው በ92 ይሸነፋል ብለው ነው?» አለ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱት ሰውዬ ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ በረኛውን አየኸው?» ብለው መለሱለት። ቦስተን በጨዋታ ድል 3 ለ 1 ሲመራ ወጣቱ ሳቀ። ከዚያ ፍሎሪዳ ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታዎች ወሰደ፤ በሰባተኛው ጨዋታ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አቻ ሆኖ፣ በጭማሪ ሰዓት ካርተር ቨርሄጌ ባስቆጠራት ግብ 4 ለ 3 አሸነፈ።

ሰውዬው ያሉት በረኛ ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው በ2019 ኮሎምበስ ታምፓን ሲያባርርም በግቡ ላይ የቆመው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ከዘመኑ እጅግ የላቁ የተባሉ ሁለት ቡድኖች፣ በሁለት የተለያዩ ክለቦች ማሊያ በታየ በአንድ በረኛ ፊት ወደቁ። ስለ አጥቂዎች ለአንድ ሰዓት ከተከራከሩ በኋላ በረኛውን በመጨረሻ ማንሣት፣ ወይም ጭራሹን መርሳት፣ ሁለተኛው ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ተቃራኒውም ስህተት እንዳለ ግን መዘንጋት አይገባም፤ በመደበኛው ውድድር የነገሠ በረኛ በፕሌይኦፍም ይነግሣል ማለት አይደለም። በ2025 የዊኒፔጉ ኮነር ሄለባክ የዓመቱ ምርጥ በረኛ ብቻ ሳይሆን የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ተብሎ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ በሴንት ሉዊስ ሜዳ በተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች በሦስቱም ከመሃል ተቀይሮ ወጥቷል። ሰባት ጨዋታ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በትንሽ ቁጥር ውስጥ አንድ ሰው ገናና ሊሆንም፣ ሊፈርስም ይችላል።

«እነ እገሌ ቢደርሱን» እያሉ ተጋጣሚ መምረጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የውድድሩን አወቃቀር ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ከ2013-14 ወዲህ ከእያንዳንዱ ምድብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት፣ ሁለት ሁለት ምድቦችን ከሚይዘው ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስም ሁለት ተጨማሪ ቡድኖች ያልፋሉ፤ መስመሩ አንዴ ከተሠመረ በኋላ እንደ ቀድሞው በየዙሩ በደረጃ እንደገና አይደለደልም። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ የአንድ ምድብ ጠንካራ ቡድኖች ገና ከጅምሩ የሚፋጁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2018 ቦስተን በ112፣ ቶሮንቶ በ105 ነጥብ በመጀመሪያው ዙር ተገናኝተዋል። ከዚህም በላይ ግጥሚያ የሚባለው ነገር የቡድን ስም ከቡድን ስም ጋር ማመዛዘን አይደለም። ጨዋታ በቆመ ቁጥር ተጫዋቾቹን በመጨረሻ የመቀየር መብት ያለው የባለሜዳው አሰልጣኝ ነው፤ እንግዳው ኮከቡን ሲያስገባ አይቶ፣ ለዚያ ኮከብ ያዘጋጀውን ተከላካይ ይልክበታል። ስለዚህ ሁነኛው ጥያቄ ያ ኮከብ በሰው ሜዳ ሲጫወት ማን ይከተለዋል፣ የሁለተኛው መስመር አጥቂዎችስ ያን ጊዜ የሚያገኙትን ነፃነት ይጠቀሙበታል ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ብሎ የሚከራከር ሰው ሲገኝ ቡና ልገዛለት እወዳለሁ።

ታሪክን እንደ እርግማን መቁጠርን በአጭሩ ልለፈው፣ ቶሮንቶ ለሚኖር ሰው የሚያም ጉዳይ ነውና። ሜፕል ሊፍስ በ2013፣ በ2018፣ በ2019 እና በ2024 በሰባተኛው ጨዋታ በቦስተን ተሸንፏል። ሆኖም በ2013 በቶሮንቶ ማሊያ ከተሸነፉት ውስጥ በ2024ቱ ቡድን የቀረ አንድም ተጫዋች አልነበረም፤ እንዲያውም ከእነሱ አንዱ ጄምስ ቫን ሪምስዳይክ በ2024 የቦስተን ተጫዋች ነበር።

ወደ ድራፍቱ ስንመጣ፣ ደጋፊን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «እንሸነፍ፣ አንደኛውን ልጅ እንወስዳለን» የሚለው ስሌት ነው። የመጀመሪያው ምርጫ በዕጣ የሚወሰን ሲሆን፣ ዕጣውም ከ14 ቁጥር ከተጻፈባቸው ኳሶች አራቱን በማውጣት ይጣላል። አሁን ባለው ደንብ ዕጣ የሚጣለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ነው፤ ዕጣ የወጣለትም ቡድን ከአሥር ደረጃ በላይ ወደ ፊት መዝለል አይችልም። በዚህ ደንብ በመጨረሻ የወጣው ቡድን አንደኛውን የማግኘት ዕድሉ 25.5 በመቶ፣ ሁለተኛውን የማግኘት ዕድሉ 18.8 በመቶ ነው፤ በቀረው 55.7 በመቶ ሦስተኛ ሆኖ ይመርጣል። ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል አንደኛም ሁለተኛም አይደርሰውም ማለት ነው። በ2025 በመጨረሻ የወጣው ሳን ሆዜ ሁለተኛ ሆኖ ሲመርጥ፣ ከአሥረኛ ቦታ የተነሣው ኒው ዮርክ አይላንደርስ አንደኛ ሆኖ ተከላካዩን ማቲው ሼፈርን ወስዷል።

ቡፋሎ የደረሰበትን ያየ ሰው ግን ከዚህ ቁጥር በላይ የሚገባው ነገር አለ። በ2015 መጋቢት ከአሪዞና ጋር፣ ማለትም እንደ ራሱ በሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረ ቡድን ጋር፣ በሜዳው ሲጫወት አሪዞና በጭማሪ ሰዓት ሲያስቆጥር የቡፋሎ ደጋፊዎች በራሳቸው አዳራሽ ውስጥ ጮኸው ደስታቸውን ገለጹ። የሚጠብቁት ኮነር ማክዴቪድን ነበር። ቡድኑም እንደተመኙት መጨረሻ ወጣ፤ ዕጣው ግን ለኤድመንተን ደረሰ፤ ቡፋሎ ጃክ አይክልን ወሰደ። አይክል በቡፋሎ ማሊያ አንድም የፕሌይኦፍ ጨዋታ ሳይጫወት በ2021 ወደ ቬጋስ ተዛወረ፤ በ2023 እዚያው የሊጉን ሻምፒዮና ዋንጫ፣ ስታንሊ ዋንጫን፣ አነሣ። ቡፋሎም ከ2012 እስከ 2025 በነበሩት 14 የውድድር ዘመናት አንዴም ፕሌይኦፍ አልገባም። ማክዴቪድን ያገኘው ኤድመንተንም ቢሆን በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ያው የቦብሮቭስኪ ፍሎሪዳ ነው።

የወጣቶችን የግብ ቁጥር ከዕድሜያቸውና ከተጫወቱበት ሊግ ነጥሎ ማወዳደርም እንዲሁ የተለመደ ነው። ለድራፍት የሚቀርበው ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም አራት ወይም አምስት ቀን መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት የተወለደና በሁለት ቀን የዘገየ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። አሌክስ ኦቬችኪንም ኦስተን ማቲውስም ሴፕቴምበር 17 የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ዓመት ጠብቀው በየተራቸው አንደኛ ሆነው ተመርጠዋል። ፍሎሪዳ በ2003 ኦቬችኪንን ቀድሞ ለመውሰድ ሞክሮ፣ በልጁ ዕድሜ ውስጥ ያለፉትን የፌብሩዋሪ 29 ቀኖች ብንቆጥር ዕድሜው ይደርሳል ብሎ መከራከሩን ሳስብ፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት የተወለደ ሐበሻ ጠበቃ አማክሮት ይሆን እላለሁ። ከቁም ነገሩ ግን አንወጣም፤ በአንድ ድራፍት በሚቀርቡ ሁለት ልጆች መካከል የዓመት ያህል የዕድሜ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ በ17 ዓመት ደግሞ አንድ ዓመት በቁመትም በጡንቻም ብዙ ነው። ማቲውስ ያን የጥበቃ ዓመት ዙሪክ ሄዶ ከጎልማሶች ጋር በ36 ጨዋታ 24 ግብ አስቆጥሯል፤ ይህን ቁጥር በካናዳ ወጣቶች ሊግ ከሚቆጠር ቁጥር ጎን እንዳለ ማስቀመጥ አይቻልም። ሼፈርም አጥንቱ ተሰብሮ በዚያ ዓመት በወጣቶች ሊግ የተጫወተው 17 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው አንደኛ መመረጡ ግራ ቢያጋባው አያስገርምም።

የመጨረሻው ስህተት የተመረጠውን ልጅ በዓመቱ መፍረድ ነው። በ2022 ብዙዎች አንደኛ ይሆናል ያሉት ሼን ራይት አራተኛ ሲሆን፣ ሞንትሪያል ስሎቫኪያዊውን ዩራይ ስላፍኮቭስኪን አስቀደመ። ስላፍኮቭስኪ በመጀመሪያው ዓመት በ39 ጨዋታ 4 ግብ ብቻ ሲያስቆጥር በሞንትሪያል የፈሰሰው ለቅሶ ልክ አልነበረውም፤ በሚቀጥለው ዓመት 20 አስቆጥሮ የስምንት ዓመት ውል ፈረመ። መራጮቹ ራሳቸው ቢሆኑ ከእኛ ብዙም አይሻሉም። ዲትሮይት በ1998 ፓቬል ዳትሱክን ያገኘው በ171ኛ፣ በዓመቱም ሄንሪክ ዜተርበርግን በ210ኛ ምርጫ ነው፤ ዛሬ እንደ ብልሃት የሚነገረው ይህ ታሪክ፣ ዲትሮይት ራሱ ዳትሱክን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዘልሎት ሌሎች ልጆችን እንደወሰደ አይጨምርም።

የጠረጴዛችን ሽማግሌም በየዓመቱ ወጣቶቹ የልጆቹን ስም ዝርዝር በስልካቸው ሲያሳዩአቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ቦብሮቭስኪ በስንተኛው ነበር የተመረጠው?» ቦብሮቭስኪ በ2007፣ በ2008 እና በ2009 ድራፍቶች ዕድሜው ደርሶ ነበር። በሦስቱ ዓመታት ከ600 በላይ ወጣቶች ስማቸው ሲጠራ የእሱ አልተጠራም፤ በ2010 ፊላዴልፊያ ያለ ድራፍት አስፈረመው።