የተኩስ ወሬ ሲመጣ ከመፍረዳችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ በርጫ ሲቀመጥ፣ ከአሜሪካ የመጣ የተኩስ ቪዲዮ ስልክ ለስልክ ይዞራል። ወዲያው ክርክር ነው። «አቦ፣ ራሱን ነው የተከላከለው!» «የለም፣ ገዳይ ነው!» ሚኒሶታ ዘመድ ያለው ሰው ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። ነገሩ ያሳስበኛል፤ ነገ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ቢሞት የምንፈርደው በዚሁ ልማዳችን ነው።

መጀመሪያ የየት አገር ሕግ እንደሆነ ጠይቁ። ፍሎሪዳ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ሰውዬው መገኘት በሚፈቀድለት ቦታ ካለና ሕይወቱ አደጋ ላይ መውደቁን በበቂ ምክንያት ካመነ፣ ሸሽቶ ማምለጥ ቢችል እንኳ የመሸሽ ግዴታ የለበትም። የእኛ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ግን ጠበቅ ይላል። ጥቃቱ ሕገወጥና እዚያው የደረሰ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ስለዚህ የፍሎሪዳን ፍርድ ይዞ መጥቶ መጋላ ላይ መከራከር አያስኬድም። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ፍሎሪዳ በ2012 እ.ኤ.አ. የ17 ዓመቱን ትሬይቮን ማርቲንን ተኩሶ የገደለውና በ2013 ነፃ የወጣው ጆርጅ ዚመርማን፣ የጠበቆቹ ዋና ክርክር «አልሸሽም» የሚለው አልነበረም። መሬት ላይ ወድቆ እየተደበደበ ስለነበር መሸሻ አልነበረውም ነው ያሉት። ከሕዝብ ለተመረጡት ፈራጆች በተሰጠው መመሪያ ውስጥ ግን የመሸሽ ግዴታ እንደሌለበት ተጽፎ ነበር።

ቀጥሎ የተተኮሰባትን ሰከንድ ለይታችሁ ተመልከቱ። እኔ ዋናው ይሄ ነው እላለሁ። ሳቢያን ውስጥ ሌሊት ሌባ አጥር ዘሎ ገባ እንበል። ገጀራ ይዞ ወደ ዘበኛው እየመጣ ነው፣ በመካከላቸው ሁለት እርምጃ ቀርቷል፣ ዘበኛው ተኮሰ። ይሄ አንድ ነገር ነው። ያው ሌባ ገጀራውን ጥሎ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ እያመለጠ ሳለ ዘበኛው ቢተኩስስ? ሰውዬው ያው ነው፣ ሌሊቱም ያው ነው። አደጋው ግን አልፏል፣ ያለፈን ጥቃት ደግሞ መከላከል አይቻልም፣ ያ ብቀላ ነው። ለዚህ ነው ጥይቱ በደረት ነው በጀርባ የገባው የሚለው ጥያቄ ከአስር ምስክር የሚበልጠው። ንብረትም ይጠበቃል፣ ሕጉ አይከለክልም። ግን ታይዋን ገበያ ስልክ መንትፎ የሚሮጥን ልጅ በጥይት መጣል ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ማን ጀመረው? ይሄንንም አትርሱ። አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. አህመድ አርበሪን ሦስት ሰዎች በመኪና አሳደው ገደሉት፣ ተኳሹ «ራሴን ተከላከልኩ» ቢልም በ2021 ሦስቱም ተፈረደባቸው። አሳደህ ካስጨነቅከው በኋላ ሲታገልህ ተጠቃሁ ማለት አይሰራም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ፍርዱ «ነፃ» ወይም «ነፍሰ ገዳይ» ብቻ አይደለም። መከላከሉ ትክክል ሆኖ መጠኑን ካለፈ፣ ቅጣቱ እንዲቀል የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 79 ያዛል። ያለፈው በፍርሃት ወይም በድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ጨርሶ ሊያስቀረውም ይችላል። ሰው ሞቶ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ የመከላከልን መጠን አልፎ መግደል በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ነው የሚያስቀጣው። መሣሪያው ፈቃድ ከሌለው ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ አዋጅ 1177/2012 አለ።

«ነፃ ወጣ» ሲባልም «ደግ አደረገ» ማለት አይደለም። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሁለት ሰው ተኩሶ የገደለው ካይል ሪተንሃውስ በ2021 እ.ኤ.አ. ነፃ የወጣው፣ ራሱን አለመከላከሉን ዓቃቤ ሕግ ያለጥርጥር ማስረዳት ስለነበረበትና ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ስላላመኑ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያሉ ፈራጆች የሉም፣ መዝኖ የሚፈርደው ዳኛው ነው።

አጠገባችሁ ከተፈጠረ ደግሞ መሣሪያውንም ቀለሃውንም አትንኩ፣ የቆሰለውን እርዱ፣ ፖሊስ ጥሩ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ የሰማችሁትን ለሰሚው ተዉለት። ቪዲዮ ካላችሁ ቲክቶክ ላይ ሳይሆን ለመርማሪው ስጡ። እባካችሁ ደግሞ «ብሔሩ ምንድነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ በእኛ ከተማ ይህቺ አንድ ጥያቄ ሌላ ሰው ታስገድላለች። የተያዘው ዘመዳችሁ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት አለው፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ጠበቃ ፈልጉለት።