አሳማ ሳይበሉ፣ ጾም ሳይገድፉ ቫሌንሲያን መቅመስ

ስፔን፣ ቫሌንሲያ ከተማ እንደመጣሁ የራበኝ ገንዘብ አጥቼ ሳይሆን ሰዓቱ ጠፍቶኝ ነው። በስድስት ሰዓት ምሳ ፍለጋ ስወጣ ምድጃው ገና አልተለኮሰም፤ በአስራ አንድ ሰዓት ስመለስ ማብሰያ ቤቱ ተዘግቷል። እዚህ አገር ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ነው፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ።

ስለዚህ በሥራ ቀን ምሳችሁን ውጭ፣ እራታችሁን ቤት ብሉ። በየምግብ ቤቱ በር «ሜኑ ዴል ዲያ»፣ የዕለቱ ምግብ፣ የሚል ሰሌዳ ይቆማል። መጀመሪያ የሚቀርብ ሳህን፣ ዋናው ሳህን፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ ወይም ቡና፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ዋጋ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። አሳማ ለማይበላ ሰው አደጋው የተደበቀው ስጋ ያልተባለው ምግብ ውስጥ ነው። የምስር ወጣቸው «ሌንቴኻስ» ብዙውን ጊዜ ቾሪሶ በሚባል የአሳማ ቋሊማ ይሠራል፤ ፎሶሊያው ላይ ኻሞን የሚሉት በጨው የደረቀ የአሳማ ስጋ ይበተናል። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ስጋ ማለት ነው፣ ብላችሁ ብታዝዙም ኻሞኑን እንደ ስጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ያጋጥማችኋል። ስም እየጠራችሁ «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ኻሞን፣ ሲን ቾሪሶ»፣ ያለ አሳማ፣ ያለ ኻሞን፣ ያለ ቾሪሶ፣ በሉ። በጾም ቀን «ሶይ ቬጋና»፣ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አልበላም ማለት ነው፣ በሉ፤ ወንድ ከሆናችሁ «ቬጋኖ»።

በሰፊ መጥበሻ የሚሠራው የሩዝ ምግብ፣ ፓኤያም፣ ይጠየቃል። የቫሌንሲያው ነባር ፓኤያ ዶሮ ብቻ ሳይሆን ጥንቸልም አለበት። «ፓኤያ ደ ቬርዱራስ» ብታዝዙ የአትክልቱ ይመጣል፤ የተቀቀለበት መረቅ ምን እንደሆነ ግን ጠይቁ።

ጎረቤቶቼ አንድ እሁድ ምሳ ሲጠሩኝ ጥንቸል እንደማልበላ ቀድሜ ነገርኳቸው። በዶሮ ብቻ ሠሩት። ሰፊው መጥበሻ እንዳለ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፤ ለየሰው የእንጨት ማንኪያ ታደለ፤ ሁሉም ከየፊቱ ይበላ ጀመር። ከአንድ ትሪ በልቼ ላደግኩት ለእኔ ማንም ሥርዓቱን ማስረዳት አላስፈለገውም። ከሥር ተይዞ ቡኒ የሆነውን፣ «ሶካራት» የሚሉትን ሩዝ፣ እናትየዋ በማንኪያዋ ፋቅ አድርገው ወደ እኔ በኩል ገፉልኝ። ጉርሻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው አገሬ መሰለኝ። ስትጠሩ እንቢ አትበሉ፤ የማትበሉትን ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ለጾም ቁርስ «ቶስታዳ ኮን ቶማቴ» የሚያህል የለም፤ የተጠበሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይትና ጨው። በበጋ ደግሞ ከቫሌንሲያ አጠገብ ወዳለችው አልቦራያ ሂዱና ኦርቻታ ጠጡ። ቹፋ ከሚባል ትንሽ ሥር፣ ከውሃና ከስኳር ይዘጋጃል፤ ወተት ቢመስልም ወተት የለበትም። አብሮት የሚቀርበው ፋርቶን የሚባል ረጅም ዳቦ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስላለበት በጾም ይለፋችሁ።

ቡናው ላይ ጠንቀቅ በሉ። አንዳንድ ቤት ከስኳር ጋር የተቆላ፣ «ቶሬፋክቶ» የሚሉትን ቡና ይቀላቅላሉ፤ ይጠቁራል፣ ይመራል፣ የቡና ሽታውም ይጠፋል። ለቤት ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «መስክላ»፣ ድብልቅ፣ የሚለውን ትታችሁ «ናቱራል» የሚለውን አንሱ። ማኪያቶ ሲያምራችሁ «ኮርታዶ»፣ በጾም «ካፌ ሶሎ»፣ ወተት የሌለበትን፣ በሉ።