የደቡብ ዳኮታን የኮንግረስ ምርጫ ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደቡብ ዳኮታዋ ከተማ ሱ ፎልስ የስጋ ፋብሪካ ውስጥ አማርኛ ይሰማል፤ ትግርኛና ኦሮምኛም እንዲሁ። ስለዚህ የዚህች የገበሬ ግዛት ምርጫ ለእኛም ሰው ሩቅ አይደለም። ደቡብ ዳኮታ ለተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ግዛቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ወንበሩን የያዘ ሰው አይነቃነቅም» ማለት። ዴሞክራቷ ስቴፋኒ ሄርሴት ሳንድሊን በ2008 ስታሸንፍ ከሦስት መራጭ ሁለቱ የእሷ ነበሩ። ያውም በዚያው ቀን ግዛቱ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራቱን ኦባማን ትቶ ሪፐብሊካኑን ማኬይንን ነው የመረጠው። በ2010 ግን በሪፐብሊካኗ ክሪስቲ ኖም 48 ለ46 ተሸነፈች።

«ሕዝቡ የሚወደውን ድምፅ ከሰጠች ትተርፋለች» ማለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሄርሴት ሳንድሊን ኦባማኬር የተባለውን የጤና መድን ሕግ ተቃውማ ነው ድምፅ የሰጠችው። ከራሷ ፓርቲ ቅር ያላቸው ነበሩ። ታዲያ ለምን አላዳናትም? የኖም ማስታወቂያ ያተኮረው በወቅቱ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በነበረችው ዴሞክራት ናንሲ ፔሎሲ ላይ ነበር። አንድ ተመራጭ ኮንግረስ ሲገባ መጀመሪያ የሚመርጠው አፈ ጉባኤ ነው። ለመራጩ የቀረበለት ጥያቄም «ይህቺ ሴት ማንን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች?» የሚል ሆነ። በእኔ እምነት፣ ጥያቄው እንዲህ ከተቀየረ በኋላ ጎበዝ ተመራጭ መሆን ብዙም አይረዳም።

«ገመናዋ ወጣ፣ አበቃላት» ብሎ መቸኮል። ኖም በፍጥነት በማሽከርከር 20 ጊዜ ያህል መቀጣቷ በዘመቻው መሃል ወጣ። ብዙ ተወራ። አሸነፈች። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ከተማ ከከተማ የሚራራቅበት አገር ላይ ፍጥነት ማንን ያስደነግጣል?

ሦስተኛውን ዕጩ መርሳት። በ2010 የግል ዕጩው 6 በመቶ ገደማ ወሰደ። የሁለቱ ልዩነት 2 በመቶ ብቻ ነበር።

ውጤቱን ግማሽ ላይ አይቶ መተኛት። ሚዙሪ ወንዝ ግዛቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በምሥራቅ እርሻው፣ በምዕራብ የከብት እርባታው ይበዛል። የምዕራቡ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የምርጫ ጣቢያዎቹ ዘግይተው ይዘጋሉ። የነባር ሕዝቦቹ የላኮታዎች ክልሎችም አሉ። በ2002 የሴኔት ምርጫ ሌሊቱን ሲመራ ያደረው ወንበሩን የያዘው ዴሞክራቱ ቲም ጆንሰን ሳይሆን ሪፐብሊካኑ ጆን ቱን ነበር። ጠዋት ላይ ከላኮታዎቹ ክልሎች አንዱ የሆነው የፓይን ሪጅ ድምፅ ሲገባ ጆንሰን በ524 ድምፅ አለፈ።

የኅዳሩን ዋና ምርጫ ብቻ መጠበቅ። በ2020ም በ2022ም ለዚህ ወንበር ዴሞክራት አልተወዳደረም። እውነተኛው ትግል ሰኔ ላይ፣ በሪፐብሊካኖች የውስጥ ምርጫ ነው። እዚያ ደግሞ የሚመርጠው በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ ብቻ ነው።

በግሪን ካርድ መመዝገብ። ይሄ እንደ ሌሎቹ የግምት ስህተት አይደለም፣ ወንጀል ነው። ከአገር እስከመባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በመራጭነት ይመዘገቡ እንደሆነ የሚጠይቅ ፎርም አለ። ዜግነት ከሌለዎት እዚያ ሳጥን ላይ ምልክት አያድርጉ። ያልገባዎት ነገር ካለ ፎርሙን ከመፈረምዎ በፊት የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ። ዜጋ ከሆኑ ግን ምዝገባው ከምርጫው 15 ቀን በፊት ይዘጋል።