የብስክሌት መንገድን ዳገት ከቤት ሳይወጡ መለካት

ከጎንደር ወጣ ብላችሁ መኪና በማይበዛበት የገጠር መንገድ ብስክሌት መንዳት ለምትወዱ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ከፍታ በሚያሳይ የስልክ ካርታ ላይ የመንገዱን ከፍታ በየኪሎ ሜትሩ እያያችሁ ጻፉ። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ልዩነቱ እስከ 20 ሜትር ከሆነ ዕቃ ጭናችሁም ሳትጨነቁ ትወጡታላችሁ። ከ60 ሜትር ካለፈ ወርዳችሁ መግፋት ሊኖርባችሁ ስለሚችል ሌላ መንገድ ፈልጉ።

20 ሜትርን የወሰድሁት ከባቡር ሐዲድ ነው። ዳገት ሲበረታ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት፣ መሐንዲሶች ዋና ዋና መስመሮችን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ባልበለጠ ዳገት ይዘረጋሉ። በአውሮፓ ባቡር የቀረባቸው መስመሮች የብስክሌት መንገድ ሲሆኑ አዛውንትም ሕፃንም በምቾት የሚነዱባቸው ለዚህ ነው። እኛ ጎንደር አካባቢ ሐዲድ ባይኖርም ልኩን መዋስ እንችላለን።

አማካዩን ግን አትመኑ! ጎንደር 2,100 ሜትር፣ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ልዩነቱ ለ60 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲካፈል ከምንም አይቆጠርም። በመንገዱ ላይ ያለው የደንቢያ ሜዳ ግን ለጥ ያለ ነው፤ ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ስትመለሱ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማው፣ ጉልበት ባለቀበት ሰዓት ነው። ውኃና በሶ ለዚያ አስቀሩ።

በክረምት ይህን ስሌት ተዉት። የደንቢያ ዋልካ ጭቃ በጎማና በፍሬን መካከል ስለሚጠቀጠቅ ሜዳውም አያስነዳም።