በአንዲት ቀለበት ስር፦ ከጎጃም ተነስተሽ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለመሆን

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ባስኬት የጀመርኩት 7ኛ ክፍል ሆኜ ነው። ትምህርት ቤታችን መረብ የሌለው አንድ ቀለበት ነበረው። ሲሚንቶው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበታል። እዚያ ሜዳ ላይ ማንም አይችለኝም ነበር።

12ኛ ክፍል ስጨርስ አዲስ አበባ ለክለብ ሙከራ ሄድኩ። የወረወርኩት ሁሉ አጠረ። አንዱ የቀለበቱን ፊት መትቶ ይመለሳል፣ ሌላው ጭራሽ አይደርስም። አሰልጣኙ 20 ደቂቃ አይቶኝ «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ስመለስ የአጎቴን ሜትር ይዤ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀለበቱን ስለካው 2 ሜትር ከ80 ነው። ትክክለኛው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለካ አምስት ዓመት ሙሉ ክንዴ የለመደው ሌላ ቁመት ኖሯል።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሞክሬ አለፍኩ። ሰባት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለኝ ተጫወትኩ። አሁን የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጆች አሰለጥናለሁ። ከእነሱ አንዷ «ቲቸር፣ ከዚህ ተነስቶ ፕሮፌሽናል መሆን ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቻላል። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለኪ

ሜትር ተዋሺ። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 መሆኑን እዪ። ካነሰ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ፤ ለብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእኛው ከፍ የተደረገው እኔ ከወደቅኩ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ገመድ ውሰጂና 6 ሜትር ከ75 ላይ ቋጠሮ አስሪበት። ጓደኛሽ የገመዱን ጫፍ ከቀለበቱ መሃል ትክክል ቁልቁል መሬት ላይ ትያዝልሽ። አንቺ ቋጠሮው ላይ ጠመኔ ይዘሽ፣ ገመዱን ወጥረሽ ዙሪ። የሦስት ነጥብ መስመርሽ ያ ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ግን መስመሩ መዞሩን ትቶ ቀጥ ይላል፤ ከሜዳው ዳር 90 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ለፍሪ ስሮው (ማንም ሳይከላከልሽ ቆመሽ ለምትወረውሪው ነጻ ውርወራ) ከቦርዱ ፊት ቁልቁል 4 ሜትር ከ60 ለክተሽ አስምሪ። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ታሰምሪያለሽ።

ኳሱ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር እዪ። የሴቶች ኳስ 6 ቁጥር፣ የወንዶች 7 ቁጥር ነው። እኔ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ያለው 7 ቁጥር ብቻ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ እጅ ይከብዳል። ለማድረስ ስትል ከወገቧ ትወረውራለች። ያ አመል አንዴ ከያዘ ማስለቀቁ ዓመት ይፈጃል። ትምህርት ቤትሽ ኳስ ሊገዛ ነው ከተባለ «አንድ እንኳ 6 ቁጥር ይሁንልን» በዪ።

ውርወራና ደብተር

ከሩቅ አትጀምሪ። ከቀለበቱ ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ራቂ። በአንድ እጅሽ ወርውሪ፤ ሌላው እጅሽ ከጀርባሽ ይሁን። ኳሱ መዳፍሽ ላይ አይተኛም፣ ጣቶችሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። በመዳፍሽና በኳሱ መሃል ትንሽ ብርሃን መታየት አለበት። ክርንሽ ወደ ጎን አይውጣ። ሸብረክ በዪ፤ ኳሱን የሚያደርሰው እግርሽ ነው። ከለቀቅሽው በኋላ እጅሽን ቶሎ አታውርጂው። ልጆቼን «እንደ ደረሰ የጤፍ ዛላ አንገቱን ይድፋ» እላቸዋለሁ። ኳሱ ቀለበቱን እስኪነካ ድረስ እንደዚያ ይቆይ። ኳሱ ወደ አንቺ እየተሽከረከረ ከሄደ ልክ ነሽ።

እንደዚህ 50 ካስገባሽ በኋላ አንድ እርምጃ ራቂ። በቀን 200 ይበቃል። ግን ይቆጠር። ደብተር ያዢና ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወረወርሽውን፣ የገባውን ጻፊ። የእኔ የመጀመሪያ ደብተር እስካሁን አለ። ኅዳር ላይ «ፍሪ ስሮው፣ ከ50 19» ይላል። ግንቦት ላይ 38 ነው። ሁለተኛው ሙከራ ላይ አሰልጣኟ «ፍሪ ስሮው እንዴት ነሽ?» ስትለኝ ቁጥሩን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊት ፊቴን አላየችውም ነበር።

አወራረድሽን ተማሪ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ እኔን የጎዳኝ ይሄ ስለሆነ።

24 ዓመቴ ነበር። ማንም አልነካኝም። ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ዘልዬ ይዤ በአንድ እግሬ መሬት ረገጥኩ። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ነበር፤ ተጫዋቾች ኤሲኤል የሚሉት። ተመልሼ ሜዳ የገባሁት በ11ኛው ወር ነው። ይሄ ጉዳት ከወንዶች ይልቅ በሴት ተጫዋቾች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። አንዱ ምክንያት ከዝላይ በኋላ የምናርፍበት መንገድ ነው። እሱ ደግሞ በልምምድ ይስተካከላል። ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ብሎኬት አጋድመሽ ላዩ ላይ ቁሚ። በሁለት እግርሽ እኩል ወደ መሬት ውረጂ። ድምፅ መሰማት የለበትም፤ «ዷ» ካለ ጠንክረሽ አርፈሻል። መጀመሪያ የእግርሽ ፊት፣ ቀጥሎ ተረከዝሽ ይንካ። ዳሌሽ ወደ ኋላ፣ ደረትሽ ትንሽ ወደ ፊት፣ ጉልበቶችሽ ከእግር ጣቶችሽ ትይዩ ይሁኑ። ስልክ ከፊትሽ አቁመሽ ቅረጪ። ቪዲዮው ላይ ጉልበቶችሽ እየተሳሳሙ ከሆነ አቁሚና እንደገና ጀምሪ። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲስተካከል በአንድ እግር ሞክሪ።

ከዚህ ጋር የጭንሽን ጀርባ አጠንክሪ። ተንበርከኪ፤ ጓደኛሽ ቁርጭምጭሚትሽን ትያዝልሽ። ወገብሽን ሳታጥፊ ቀስ እያልሽ ወደ ፊት ዘንበል በዪ፤ መቋቋም ሲያቅትሽ በእጅሽ ተቀበዪ። መጀመሪያ ቀን አምስት እንኳ ከባድ ነው። ሁለቱም ተደምረው 15 ደቂቃ አይሞሉም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከልምምድ በፊት፣ እስከምታቆሚ ድረስ።

ጫማ ሰልባጅም ቢሆን ችግር የለውም። ግን ገልብጠሽ ሶሉን እዪው። ተረከዙ በአንድ ወገን ካለቀ ርካሽም ቢሆን ተዪው።

ጾም፣ ምግብና ደም

ጾም ሳልፈታ ነው የተጫወትኩት። 55 የሁዳዴ ቀናት በጭማቂ ብቻ ግን አይታለፉም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒ ከቤታችን አይጠፋም። መጠኑን ጨምሪ እንጂ አትቀንሺ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከበላሽ በኋላ አድርጊው። በሶ በጠርሙስ በጥብጠሽ ያዢ።

ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ የወር አበባሽም ብዙ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደምሽን ተመርመሪ። የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል። የወር አበባሽ ለወራት ከቀረም ሐኪም ጋ ሂጂ። አንዳንድ ልጆች «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው» ብለው ደስ ይላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን የምትበዪው ከምታወጪው ማነሱን ነው የሚናገረው። አጥንትሽን ይጎዳል።

እናትና አባትሽ

እናቴን ያስፈራት ቁምጣው ነው። «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ከቁምጣው ስር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ታይት ለበስኩ። ሙስሊም ልጆቼም ሂጃባቸውን ሳያወልቁ ይጫወታሉ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የራስ መሸፈኛን ፈቅዷል፤ ለሚከለክልሽ ሰው ይሄን ንገሪው።

ከዚያ እናቴን ወደ ጨዋታ ጠራኋት። እንዝርቷን ይዛ መጣች፤ ጋቢዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤት እንደገባን «ልጄ፣ ያቺ ረጅሟ ስትገፋሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የቁምጣ ወሬ አልተነሳም። የአንቺም ወላጆች መጥተው ይዩ።

መንገዱ

ከትምህርት ቤት ቡድን ወደ ወረዳና ዞን ውድድር፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ክለብ ሙከራ ነው የሚኬደው። የታዳጊዎች ፕሮጀክት በአቅራቢያሽ መኖሩን የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ከሌለ ስምሽንና ስልክሽን ትተሽ ውጪ፤ በወሩ ተመለሺ።

አራት ልጆች ካላችሁ በ3 ለ3 ጀምሩ፤ ሦስታችሁ ትጫወታላችሁ፣ አንዷ ተቀያሪ ናት። ግማሽ ሜዳና አንድ ቀለበት ነው የሚፈልገው። 10 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ 21 ያስቆጠረ ግን ያኔውኑ ያሸንፋል። ለማጥቃት ያለሽ 12 ሰከንድ ነው። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኗል። አንድ ቀለበት ብቻ ላለን ለእኛ ይመቻል።

ሙከራ ላይ ሁሉም ሰው ሹት ማሳየት ይፈልጋል። አሰልጣኞች የሚያዩት ሌላም ነገር አለ። ኳስ ስትነጠቂ ወደ ኋላ ትሮጫለሽ ወይስ እጅሽን ትዘረጊያለሽ? በግራ እጅሽ ሌይአፕ (እየሮጥሽ ቀለበቱ ስር ደርሰሽ የምትጥይው ኳስ) ታስገቢያለሽ? ስትከላከዪ ትናገሪያለሽ? ይሄ ሦስተኛው የኛን አገር ልጆች ይጥላል። የሴት ልጅ ድምፅ አይሰማም ተብለን ነው ያደግነው። ሜዳ ላይ «ግራሽን! እኔ ይዣታለሁ!» ብለሽ መጮህ አለብሽ። ቤት ውስጥ ካፈርሽ ሜዳ ላይ ተለማመጂው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንፋሽሽ ጥሩ ይሆናል። ባህር ዳር ስትወርጂ ግን ሙቀቱ ያደክምሻል፤ ከቻልሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ፣ ውኃ ጠጪ።

ስትፈርሚ

የመጀመሪያው ክለቤ «ፈርሚ፣ ኮፒው በኋላ ይደርስሻል» አለኝ። አልደረሰኝም። ጉልበቴ ሲጎዳ ለሦስት ወር ደመወዜ ቆመ። ውሌ ምን እንደሚል የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም። እያነከስኩ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። ያ ጊዜ ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ማህተም ያረፈበት ኮፒ እጅሽ ሳይገባ አትውጪ። ውሉ ከመቼ እስከ መቼ ነው? ደመወዙ በየትኛው ቀን ነው የሚከፈለው? ብትጎጂ ደመወዙ ይቀጥላል? ሕክምናውን ማን ይከፍላል? ማደሪያ አለው? መልቀቂያ ብትጠይቂ ምን ይሆናል? ያልገባሽን ቦታ የሚያውቅ ሰው ያንብብልሽ። አንድ ቀን መዘግየት ያናድዳቸዋል ብለሽ አትፍሪ።

ትምህርትሽንም አብረሽ ያዢ። አሜሪካዊቷ ዲያና ታውራሲ ጫማዋን የሰቀለችው እ.ኤ.አ. በ2025፣ በ42 ዓመቷ ነው። እንደ እሷ የሚቆይ ጥቂት ነው። እኔ በ27 ዓመቴ አቆምኩ። የማታ ዲግሪ ባልማር ኖሮ ዛሬ የምይዘው ሥራ አልነበረኝም። አሰልጣኝነትም አለ። የናይጄሪያ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ አውስትራሊያንና ካናዳን አሸንፈው ሩብ ፍጻሜ ገቡ፤ ከአፍሪካ፣ ወንዶችንም ጨምሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ያሠለጠነቻቸው ሬና ዋካማ ናት፤ ራሷም ተጫዋች ነበረች። ጨዋታዎቹን ለልጆቼ በስልክ አሳይቻቸዋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ተደርድረው ጭንቅላታቸው እየተጋጨ ነው ያዩት።

ያ ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከ50 ፍሪ ስሮው 23 አስገባች፤ ደብተሯ ላይ ራሷ ጻፈችው። ጉልበቶቿ መሳሳም ትተዋል። የግራ እጇ ሌይአፕ ግን ገና ነው። ለዚህ ሳምንት በግራ ብቻ፣ በቀን 100 ሰጥቻታለሁ።